ስንቅን ተሸክሞ በኅብረት መሮጥ

ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ በቅደም ተከተል የሚያስረዳ የጽሑፍ ዓይነት ነው። ከዚህ በታች የቀረበውን ምንባብ ስታነቡ ጸሐፊው የትኛውን ሐሳብ አስቀድሞ፣ የትኛውን አስከትሎ እንዳስረዳ ልብ በሉ። ከዚያም ከምንባቡ ቀጥሎ ያሉትን መልመጃዎች በደብተራችሁ ላይ ሥሩ።

ምንባብ

ሩጫ ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታስቡት የውድድር ሜዳን ነው። በውድድር ሜዳ ላይ ሰዓት የሚይዝ ዳኛ አለ፤ የሚያጨበጭብ ተመልካች አለ፤ በየመንገዱ ውሃ የሚያቀብል ሰው አለ፤ ሯጭ ደክሞት ቢወድቅም አንሥቶ የሚወስደው አይጠፋም። ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ የተለየ ሌላ ዓይነት ሩጫ አለ። ይኸውም ጥቂት ጓደኛሞች ተሰባስበው፣ መንገዱን ራሳቸው መርጠው፣ የሚበሉትንና የሚጠጡትን ራሳቸው ተሸክመው፣ በአቀበትና በቁልቁለት፣ በጫካና በመስክ የሚሮጡት የረዥም ርቀት ሩጫ ነው። በዚህ ሩጫ ዳኛም ሽልማትም የለም። አንድ ሰው ቢደክም ወይም ቢታመም የሚደርሱለት አብረውት የሮጡት ጓደኞቹ ብቻ ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሩጫ ከእግር ብርታት ይልቅ አስቀድሞ ማሰብን ይጠይቃል።

በቅድሚያ ስያሜውን እንመልከት። የማራቶን ርቀት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ከዚህ የሚበልጥ ርቀት ያለው ሩጫ ሁሉ አልትራ ማራቶን ይባላል። ሯጮች የሚያገኙትን እርዳታ መሠረት በማድረግ እንዲህ ያለውን ጉዞ በሦስት ይከፍሉታል። አንደኛው ረዳቶች እየተከተሉ ምግብና ውሃ የሚያቀብሉበት ነው። ሁለተኛው ሯጩ ራሱን ችሎ የሚሄድበት ነው። በዚህ ጊዜ ለማንኛውም መንገደኛ ክፍት ከሆነ ሱቅ መግዛት ወይም ከቧንቧ ውሃ መቅዳት ይፈቀድለታል፤ ለእርሱ ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ እርዳታ ግን አይቀበልም። ሦስተኛው ደግሞ በመንገድ ከሚገኝ ውሃ በቀር ሌላ ምንም ሳይጨምር፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚያስፈልገውን ሁሉ ተሸክሞ የሚሄድበት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሁለተኛው ነው።

በሌሎች አገሮች በዚህ ረገድ የታወቁ ሩጫዎች አሉ። በደቡብ አፍሪካ በደርባንና በፒተርማሪትዝበርግ ከተሞች መካከል የሚካሄደው ሩጫ የተጀመረው በ1913 ዓ.ም. ነው። ርቀቱ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ ወታደሮች መታሰቢያ እንዲሆን ስለ ታሰበ ኮምሬድስ፣ ማለትም ጓዶች፣ የሚል ስም ተሰጠው። በመጀመሪያው ዓመት ከተነሡት 34 ሯጮች መካከል ከመድረሻው የደረሱት 16 ብቻ ነበሩ። እንደዚሁም ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በሞሮኮ በረሓ የሚካሄድ፣ ማራቶን ዴ ሳብል የተባለ ሩጫ አለ። ርቀቱ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በቀናት ተከፋፍሎ ይሮጣል። ውሃና ድንኳን ከአዘጋጆቹ ይሰጣል፤ የቀናቱን ምግብና የመኝታ ልብሱን ግን እያንዳንዱ ሯጭ በጀርባው ይሸከማል።

የአገራችን ሯጮች ስም በዓለም የገነነው አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ኦሊምፒክ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ካሸነፈ ወዲህ ነው። ስንቅን ቋጥሮ ረዥም መንገድ መሄድ ግን ከዚያ እጅግ የቆየ ልማድ ነው። ተሽከርካሪ ባልነበረበት ዘመን ዘማቹም፣ ነጋዴውም፣ መልእክተኛውም፣ ተሳላሚውም ስንቁን ይዞ ይነሣ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት የተጓዘው እንዲሁ ስንቁን ይዞ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮና ድርቆሽ ከዚያ ልማድ የወረስናቸው የመንገድ ምግቦች ናቸው። ሁሉም የሚጋሩት ጠባይ አላቸው፤ ቶሎ አይበላሹም፣ ክብደታቸው ቀላል ነው፣ ለመበላትም እሳት አይፈልጉም። የዛሬ ሯጭ ከስንቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

አሁን ነገሩን በምሳሌ እንየው። አራት ጓደኛሞች ሆናችሁ ከካዛንቺስ ተነሥታችሁ በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ማርያም ለመውጣት አሰባችሁ እንበል። መንገዱ ለመሄድ ብቻ 10 ኪሎ ሜትር፣ ደርሶ ለመመለስ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካዛንቺስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው፣ የእንጦጦ ተረተር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በመሆኑም 600 ሜትር ያህል አቀበት ይጠብቃችኋል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በ30 በመቶ ያህል ያንሳል፤ ቅዝቃዜውም ከካዛንቺስ በ4 ዲግሪ ገደማ ይብሳል። ከላይ ስትደርሱ በ1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የነገሡበትን የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ታያላችሁ። ተረተሩ ውሃ የሚከፈልበት ቦታ ነው፤ በስተ ደቡብ የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ፣ በስተ ሰሜን የወረደው ደግሞ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይፈስሳል። ልምድ ያላቸው አዋቂ ሯጮች ከዚህ አልፈው ወደ ሱሉልታ ወርደውና ተመልሰው ርቀቱን ወደ ማራቶንና ከዚያም በላይ ሊያደርሱት ይችላሉ። ለእናንተ ዕድሜ ግን የእንጦጦው ደርሶ መልስ ለመነሻ ይበቃል።

የመጀመሪያው ሥራ መንገዱን ማጥናት ነው። ውሃ የሚገኝበትን፣ መንገዱ የሚለያይበትን፣ ከመካከል አቋርጦ ወደ ቤት መመለስ የሚቻልበትን ቦታ አስቀድማችሁ በዓይናችሁ እዩ። ከዓመታት በፊት በምታውቁት ብቻ አትተማመኑ። ለምሳሌ ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩ ቤቶች ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ግን ከነባሩ ሰፈር አብዛኛው ፈርሶ መልኩ ተለውጧል። እንጦጦም ላይ በ2013 ዓ.ም. ሰፊ የመናፈሻ ስፍራ ተከፍቷል። ትናንት ውሃ የገዛችሁበት ሱቅ ዛሬ ላይኖር፣ ትናንት ክፍት የነበረው የእግር መንገድም ዛሬ ታጥሮ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ሥራ ስንቅን በልክ ማዘጋጀት ነው። ሯጭ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደቱ፣ 1 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ያወጣል። እንግዲህ 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን ልጅ 20 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 1,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል፤ በአቀበት ደግሞ ከዚህ ይጨምራል። 100 ግራም በሶ 350 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል። ሰውነት በውስጡ ያከማቸው ኃይል ስላለ የወጣውን ሁሉ በመንገድ ላይ መተካት አያስፈልግም፤ ለእያንዳንዳችሁ 150 ግራም በሶና አንድ እፍኝ ቆሎ ይበቃል። ውሃ ግን ከባድ ነው፤ 1 ሊትር 1 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ብታስቡና የምትሞሉበትን ቦታ ብታውቁ ሸክማችሁ ይቀላል። ሳይጠማችሁ ያለ ልክ አትጠጡ፤ ከመጠን ያለፈ ውሃ በደም ውስጥ ያለውን ጨው አሳስቶ ለአደጋ ያጋልጣል።

እያንዳንዱ ሰው የራሱን ውሃ፣ ምግብና ሹራብ ራሱ ይያዝ። የሁሉም ስንቅ በአንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ ከሆነ፣ ያ ሰው ሲለይ ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ፋሻ፣ የእጅ ባትሪና የመሳሰለው የጋራ ዕቃ ግን ሊከፋፈል ይችላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ስምምነት ነው። በማስተምርበት ዘመን አምስት ተማሪዎችን አስከትዬ ወደዚሁ ተራራ ወጥቼ ነበር። ሁለቱ ፈጣኖች ቀደሙ፤ እኔም ከመካከለኞቹ ጋር ሆንሁ። ከሁሉ ኋላ የነበረውን ልጅ፣ “ይደርስብናል” ብለን ተውነው። ከላይ ተሰባስበን ስንቆጠር እርሱ የለም። በዚያን ጊዜ ጉም በባሕር ዛፉ መካከል ወርዶ ነበር። ስሙን እየጠራን ተመለስን፤ ያገኘነውም ከአንድ ሰዓት በላይ ከፈለግን በኋላ ነው። ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይንቀጠቀጥ ነበር። በቦርሳው ውስጥ ውሃም፣ ቆሎም፣ ሹራብም ነበረው፤ አንዱንም አልነካውም። ለምን እንዳልተጣራ ብጠይቀው፣ “ጋሼ፣ እንዳላዘገያችሁ ብዬ ነው” አለኝ።

ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ስንቁን አንድ በአንድ ቆጥሬ ነበር። ነገር ግን ከመነሣታችን በፊት፣ “የደከመው ይናገር፤ ሲናገርም ሁላችንም እንቆማለን” ብዬ አላስማማኋቸውም። ሰው በደከመና በበረደው ጊዜ ማመዛዘን ይሳነዋል፤ ይሉኝታ ሲጨመርበትማ ያለውን ስንቅ እንኳ አይጠቀምበትም። ስለሆነም የሚከተሉትን አራት ነገሮች ከቤት ሳትወጡ ተስማሙባቸው።

1. የሩጫው ፍጥነት የሚወሰነው በቡድኑ ውስጥ በጣም በሚዘገየው ሰው ነው። እርሱ ከፊት ይሁን፤ ጠንካራው ሰው ደግሞ ከኋላ ይከተል።

2. መንገድ በሚለያይበት ቦታ ሁሉ ቆማችሁ ተቆጠሩ። አንድ ሰው ቢጎድል ማንም ወደ ፊት አይሂድ።

3. የመመለሻ ሰዓት ወስኑ። ለምሳሌ ከጠዋቱ በ12 ሰዓት ብትነሡ፣ 4 ሰዓት ሲሆን የትም ብትደርሱ ተመለሱ። ከጫፍ ለመድረስ መቶ እርምጃ ቢቀራችሁም ውሳኔው አይለወጥ። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይበረታል፤ ሲመሽም በተራራው ጅብ ይወጣል።

4. ከመካከላችሁ አንዱ የሚንቀጠቀጥ፣ ንግግሩ የሚተሳሰር ወይም እግሩ የሚደነቃቀፍ ከሆነ ሩጫው እዚያ ላይ አብቅቷል። እርጥብ ልብሱን አስለውጡት፤ ደረቅ ልብስ ደርቡለት፤ የሚበላ ስጡት፤ አብራችሁም ውረዱ።

ከነዚህም ጋር ወዴት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለወላጆቻችሁ ንገሩ፤ ልምድ ያለው አዋቂ ሰውም አብሯችሁ ይሁን። በመንገድ ላይ ለምታገኟቸው ሰዎች አክብሮት አሳዩ። በዚህ ቁልቁለት እናቶቻችንና እኅቶቻችን ከባድ የማገዶ ሸክም ተሸክመው ለብዙ ዘመን ወርደዋል፤ ሸክም የያዘ ሰው ሲመጣ ከመንገዱ ዘወር በሉለት። የምግብ መጠቅለያና ጠርሙስ በጫካ ውስጥ አትጣሉ፤ ይዛችሁ የወጣችሁትን ይዛችሁ ተመለሱ።

“ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም” ይባላል። ብቻውን የሮጠ ሰው ቀደምሁ ቢል ማንን እንደ ቀደመ ሊናገር አይችልም ማለት ነው። በኅብረት ስንቁን ይዞ የሚሮጥ ቡድንም እንዲሁ ነው፤ ከመካከሉ አንዱ ተራራው ራስ ላይ ቀድሞ ቢደርስ ምንም አላተረፈም። ቡድኑ ሩጫውን ፈጸመ የሚባለው ከካዛንቺስ የተነሡት አራቱም ካዛንቺስ ሲመለሱ ነው።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. ሯጭ ራሱን ችሎ የሚሄድበት ጉዞ ከሌሎቹ ሁለት ዓይነቶች በምን ይለያል?
2. በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለመንገድ ስንቅነት የሚመረጡት ስለ ምንድን ነው?
3. 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 20 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ስንት ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያወጣል?
4. ልጁ በቦርሳው ስንቅ እያለው ያልተጠቀመበት ለምንድን ነው? ጸሐፊው ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደረገበትንስ ምክንያት አስረዱ።

ለ. የሚከተሉትን ቃላት ፍች ከምንባቡ ተረድታችሁ ጻፉ፤ በእያንዳንዱም አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
ስንቅ፣ ተረተር፣ ተሳላሚ፣ ይሉኝታ፣ ማመዛዘን

ሐ. የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች ወደ ትእዛዝ አንቀጽ ለውጡ።
ምሳሌ፦ ውሃችሁን ራሳችሁ ትይዛላችሁ። — ውሃችሁን ራሳችሁ ያዙ።
1. በየመንገዱ መለያያ ቆማችሁ ትቆጠራላችሁ።
2. በተወሰነው ሰዓት ትመለሳላችሁ።
3. የደከመውን ጓደኛችሁን ብቻውን አትተዉትም።

መ. ከሰፈራችሁ ተነሥቶ በእግር ደርሶ መመለስ የሚቻልበትን አንድ ቦታ ምረጡ። መንገዱን፣ የሚያስፈልገውን ስንቅና የቡድኑን ስምምነት በቅደም ተከተል የሚያስረዳ፣ ከአራት አንቀጽ ያላነሰ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።