ፖስታ ውስጥ የቀረ ቁጣ

ጁላይ 14 ቀን 1863 እ.ኤ.አ.፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የሰሜኑ የፖቶማክ ጦር አዛዥ ለነበረው ለጄኔራል ጆርጅ ሚድ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ነበረች፤ በወሩ መባቻ ሚድ የደቡቡን ጦር አዛዥ ጄኔራል ሊን ጌቲስበርግ ላይ ሦስት ቀን ተዋግቶ አሸንፎታል። ነገር ግን የተሸነፈው ጦር የፖቶማክ ወንዝ ሞልቶበት ከዳርቻው ታግዶ ሳለ ሚድ አልመታውም። ሊ ሠራዊቱን በሌሊት አሻግሮ አመለጠ። የፕሬዚዳንቱን ቅሬታ የሰማው ሚድም ከኃላፊነቱ እንዲያነሡት ጠየቀ።

ደብዳቤው ሲጀምር ምስጋናና ማጽናኛ ነበር። ወደ ታች ሲወርድ ግን የሊንከን ሐዘን ገንፍሎ ወጣ። ጠላት እጅ ሊገባ ተቃርቦ እንደነበር፣ ቢያዝ ኖሮ ጦርነቱ ሊያበቃ ይችል እንደነበር፣ አሁን ግን መጨረሻው እንደማይታወቅ ጻፈ። ከዚያ ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከተተና ያልተላከ፣ ያልተፈረመም መሆኑን በላዩ ላይ ጻፈበት። ሚድ ይህ ቃል ሳይደርሰው ጦርነቱ እስካበቃበት እስከ 1865 ድረስ የፖቶማክን ጦር መራ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የትዕግሥት ምሳሌ አድርጎ ያወሳዋል። ትዕግሥት መሆኑ እውነት ነው። ከዚያ በላይ ግን የቆየ ልማድ ውጤት ነበር። በዕድሜው ሙሉ የተማረው መደበኛ ትምህርት ቢደመር ዓመት የማይሞላው ሊንከን፣ ማሰብን የተማረው በማንበብና በመጻፍ ነው። ድንገት የመጣለትን ሐሳብ በቁራጭ ወረቀት ላይ ያሰፍራል፤ ወረቀቶቹንም በረጅም ባርኔጣው ውስጥ ይይዝ ነበር።

ከእነዚያ ቁርጥራጮች አንዱ፣ በ1854 ገደማ እንደተጻፈ የሚገመተው፣ ስለ ባርነት ነው። ጸሐፊው ከራሱ ጋር ይሟገታል። አንዱ ሌላውን ባሪያ የሚያደርገው በምን መብት ነው? በቆዳው ንጣት ነው ከተባለ፣ ከእሱ የነጣ ሰው የተገናኘ ቀን ራሱ ባሪያ ሊሆን ነው። በአእምሮ ብልጫ ነው ከተባለ፣ በእውቀት የሚበልጠው ሰው ጌታው ሊሆን ነው። በጥቅም ከሆነም ሌላው በእሱ የመጠቀም መብት ይኖረዋል። ጥቂት መስመሮች ናቸው። የባርነት ጠበቆች ያነሡት የነበረው ምክንያት ግን ወደ ተናጋሪው ተመልሶ ሲወድቅ እዚያ ላይ ይታያል። በ1854 ፒዮሪያ ከተማ ላይ ረጅም ንግግር ያደረገው፣ በ1858 ከሴናተር ስቲቨን ዳግላስ ጋር ሰባት ጊዜ በአደባባይ የተከራከረው ሊንከን፣ ሕዝብ ፊት ከመቆሙ በፊት በወረቀት ላይ ብዙ ተሟግቶ ነበር።

የጽሑፍ ጉልበት እዚህ ላይ ነው። በአፍ ሲነገር የድምፅ ግለት፣ የእጅ እንቅስቃሴ፣ የአድማጭ ራስ መነቅነቅ የሐሳብን ክፍተት ይሸፍናል። በወረቀት ላይ «ስለዚህ» ብሎ የጻፈ ሰው ግን ከበላዩ ያለውን ዓረፍተ ነገር ማየቱ አይቀርም፤ ምክንያቱ ከሌለ ባዶው ቦታ ራሱን ያጋልጣል።

ኦገስት 23 ቀን 1864 ሊንከን ሌላ አጭር ጽሑፍ አዘጋጀ። ጦርነቱ ተጓትቷል፣ ሕዝቡ ተሰላችቷል፣ ምርጫም ደርሷል። እንደሚሸነፍ እንደሚገምት፣ ቢሸነፍም አዲሱ ተመራጭ ሥልጣን እስኪረከብ ድረስ ከእሱ ጋር ተባብሮ አገሪቱን ከመፈራረስ ለማዳን እንደሚሠራ ጻፈ። ወረቀቱን ጽሑፉ በማይታይበት ሁኔታ አጥፎ ሚኒስትሮቹን ሳያነቡ በጀርባው አስፈረማቸው። ያን ጊዜ በሥልጣን ላይ ያለ ሰው ሽንፈቱን በገዛ እጁ ጽፎ ግዴታ መግባቱ፣ በአመራር ታሪክ ውስጥ እምብዛም የማይገኝ ቅንነት ነው። በሴፕቴምበር መጀመሪያ አትላንታ ተያዘች፤ በኖቬምበር ሊንከን ዳግም ተመረጠ፤ ወረቀቱም ከምርጫው በኋላ ለሚኒስትሮቹ ተነበበ።

የራስን ሐሳብ የሚቃወመውን መጻፍ ከሁሉም ይከብዳል። የተፈጥሮ ተመራማሪው ቻርልስ ዳርዊን ለዚህ የራሱ ደንብ ነበረው፦ ከድምዳሜው ጋር የሚጋጭ ነገር ሲያገኝ ወዲያው በማስታወሻው ያሰፍረዋል፤ የሚደግፈው ሳይሆን የሚቃወመው ቶሎ ከአእምሮ እንደሚጠፋ ተገንዝቧልና። ዙሪያውን በሚያሞግሱት ሰዎች ለተከበበ መሪ ይህ ደንብ ይበልጥ ያስፈልጋል።

በዘመናችንም በ2004 የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ ለከፍተኛ ኃላፊዎች ስብሰባ በስላይድ ማቅረብን አስቀረ። በምትኩ ሐሳብ ያለው ሰው ከስድስት ገጽ ያልበለጠ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር የተያያዘ ጽሑፍ ያመጣል። ስብሰባው የሚጀመረው ሁሉም በዝምታ ሲያነብ ነው፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይከተላል። ጥሩውን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊወስድ እንደሚችል ቤዞስ ራሱ ለባለአክሲዮኖች ጽፏል።

በእኛም አገር ከዕድር እስከ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ መያዝ የቆየ ልማድ ነው። ቃለ ጉባኤ ግን የተወሰነውን የሚመዘግብ ነው፤ የጎደለው ከውሳኔው በፊት የሚጻፈው ገጽ ነው። የዕድር ገንዘብ ባንክ ይቀመጥ ወይስ ድንኳንና ወንበር ይገዛበት የሚል ጉዳይ ቢነሣ፣ ሰብሳቢው ከስብሰባው ዋዜማ ሦስት ነገር በአንድ ገጽ ማስፈር ይችላል፦ ችግሩ ምን እንደሆነ፣ እሱ የትኛውን እንደሚመርጥና ለምን እንደሆነ፣ ምርጫውን የሚቃወመው ጠንካራ ምክንያት ምን እንደሆነ። ጽሑፉ ለአባላት ቢነበብ ክርክሩ በሰብሳቢው ማንነት ላይ መሆኑ ቀርቶ በተጻፈው ምክንያት ላይ ይሆናል። ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዞ ቢቀመጥ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት የሚመረጡት ኃላፊዎች ያ ገንዘብ ለምን እንደዚያ እንደዋለ ሰው ሳይጠይቁ አንብበው ይረዳሉ።