«ኩላሊቴን ነው» ወይስ ነርቭ?

በእኛ አገር ወገቡን የያዘው ሰው ሁሉ «ኩላሊቴን አመመኝ» ነው የሚለው። ኧረ ምስኪን ኩላሊት ምን በወጣው! ትኩሳት ካለ፣ ሽንትም ካቃጠለ ያኔ እሱንም እንጠርጥር። ሕመሙ ግን ከወገብ ተነስቶ በመቀመጫና በጭን አድርጎ እስከ ባት እንደ ኤሌክትሪክ ከነዘረ፣ የተጫነ ነርቭ ሳይኖር አይቀርም።

በአከርካሪ አጥንቶቻችን መሐል ዲስክ የሚባል ትራስ አለ፤ ዳሩ ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ። ያ ለስላሳው ወጣ ብሎ የነርቩን ሥር ሲጫነው እግር ይነዝራል፣ ይደነዝዛል። ሲያስሉና ሲያስነጥሱ ይብሳል። ይህ በአብዛኛው የእኛ የወጣቶችና የጎልማሶች ጣጣ ነው።

የነርቭ መተላለፊያው መጥበብ ግን ብዙውን ጊዜ ከ50 ዓመት በኋላ ይመጣል። አጥንቱ ይወፍራል፣ ጅማቱ ይደድራል፣ መንገዱ ይጠባል። እናታችሁ ከገበያ ሲመለሱ እግራቸው ዝሎ መንገድ ዳር ቁጭ ይላሉ? ጎንበስ ብለው ሲያርፉ ይለቃቸዋል? ጉድ የሚያሰኘው፣ ዳገቱ ቀሏቸው ቁልቁለቱ ይከብዳቸዋል፤ ጎንበስ ሲሉ መተላለፊያው ሰፋ ስለሚል ነው። «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት፣ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።

አንድ የ27 ዓመት ወዳጄ እግሩን ሲነዝረው ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ዋለ። ከዚያ «ወጌሻ ይሸኝ» ብሎ ሲነሳ ያዝኩት። ወጌሻ ወለምታ ያሽ እንጂ የተጫነ ነርቭ በጉልበት ሲጠመዘዝ ሊብስበት ይችላል። ሐኪሙ ማስታገሻና ፊዚዮቴራፒ አዘዘለት፤ «ተነስ፣ በምትችለው ልክ ተንቀሳቀስ» አለው። የብዙ ሰው የዲስክ ሕመም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና ይሻለዋል። የእኔ ወዳጅ ግን «ኤም.አር.አይ. ካልተነሳሁ» ብሎ ሙግት! ምንም የማያመው ሰው ቢነሳም እኮ ዲስኩ ወጣ ብሎ ሊታይ ይችላል። ገንዘቡን አስቡት።

ቀልድ የሌለበት ግን አለ። ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በብልትና በመቀመጫ መሐል ከደነዘዘ፣ ወይም እግር እየሰነፈ ከሄደ ነገ የሚባል ነገር የለም። በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል! ነርቩ ቶሎ ካልተላቀቀ ጉዳቱ የዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። እዚያ ስትደርሱም አፍራችሁ «ወገቤን» ብቻ አትበሉ፤ የሽንቱን ነገር አስቀድማችሁ ተናገሩ።