እርጥብና እርጥባን

እርጥብ የሚለውን ቃል ስንሰማ አሳባችን ወዲያው ወደ ውሃ ይሄዳል። ነገር ግን ቃሉን መርምሮ ላየው ሰው ምሥጢሩ ከዚህ ይጠልቃል። ዛሬ የተቈረጠ እንጨት የዝናም ጠብታ ሳይነካው እርጥብ ነው፤ የደረቀው ጕቶ ግን ሌሊቱን ሙሉ ዝናም ሲመታው ቢያድር ራሰ ይባላል እንጂ እንደ ለምለሙ እርጥብ እንጨት አይባልም። በሉቃስ ወንጌል በ23ኛው ምዕራፍ እርጥቡና ደረቁ እንጨት የተነጻጸሩት በዚሁ ፍቺ ነው። የግዕዙ ረጥበ በዓረብኛም ዘመድ አለው፤ ዓረቦች ገና ያልደረቀውን ለስላሳ ተምር ሩጠብ ይሉታል።

ቃሉ ሙሉ ክብደቱን የሚያገኘው ግን በጅግጅጋና በሰሜኑ የሶማሌ ክልል ከተሞች ነው። በዚያ አገር የበልጉ ዝናም ጉ፥ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚዘንመው ደግሞ ከረን ይባላል። በቀብሪበያህ በኩል ሰው ጎርፉን በብርካ አጠራቅሞ በጋውን ለመሻገር ይጣጣራል። ሱልጣን ወይም ኡጋስ ሲሾምም በራሱ ላይ ለምለም ቅጠል ይደረግለታል፤ ሥርዓቱ ዓሌሞ ሳር ይባላል። (ሳር በሶማልኛ ማኖር ማለት ነው እንጂ የኛ ሣር አይደለም።) ለሹመት ደረቅ ቅጠል የሚያቀርብ የለም።

ከዚሁ ከእርጥብ ግንድ የበቀለ ሌላ ቃል አለን፤ ይኸውም እርጥባን ነው። እኔ ራሴ በቆሎ ተማሪነቴ አኩፋዳ አንግቤ ከደጅ ደጅ እየዞርሁ የተቀበልሁት ቍራሽ እርጥባን ይባል ነበር፤ ተማሪ በመሆኔም አላፈርሁበትም። ችግሩ አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህንኑ ቃል ለአርብቶ አደሩ ሲያውሉት ነው። በ2007 ዓ.ም. ሁለቱም ዝናሞች በእጅጉ ባነሱ ጊዜ በሲቲ ዞን፥ በሽንሌና ባካባቢው ብዙ ከብት አለቀ። ባለመንጋ የነበረው ሰው እህል ለመቀበል ተሰለፈ። ይህ ሰው የለማኝ ቍራሽ የሚጣልለት ድኻ አልነበረም፤ ከረን ቢዘንም ኖሮ ለእንግዳ ወተት የሚያቀርብ ነበር። የእርሱን ድርሻ እርጥባን ብሎ መጻፍ በድርቁ ላይ ውርደት መጨመር ነው።

ስለዚህ ለኅትመት በእጄ በሚያልፍ ጽሑፍ ውስጥ ቃሉን በዚህ አገባብ ሳገኝ እሰርዘዋለሁ፤ በስፍራውም የተራድኦ እህል ብዬ እጽፋለሁ። እርጥብን ግን አልነካም።