በቤተሰብ ሣጥን ውስጥ የቀሩ ግጥሞች እንዴት ይጠበቃሉ?

አባት ወይም እናት ሲያርፉ የቤቱ ሣጥን ይከፈታል። ከውስጡም የውል ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ የዕድር መዝገብና የቆዩ ደብዳቤዎች ይወጣሉ። ወራሾች ለይዞታና ለውርስ ማስረጃ የሚሆነውን ለይተው ሲያስቀምጡ፣ ቀሪው ለእሳት ማቀጣጠያ ወይም ለዕቃ መጠቅለያ ይውላል። በደረሰኝ ጀርባ ወይም በመዝገብ ባዶ ገጽ ላይ የተጻፈ ሙሾ፣ ፉከራ ወይም ቅኔ ቢኖር አብሮ ይጠፋል።

ሙሾም ሆነ ፉከራ በአብዛኛው በቃል የሚነገር በመሆኑ በጽሑፍ የሚቀረው ጥቂቱ ነው። ልጅ የወላጁን ቃል ለትውልድ ማቆየት እንደሚችል ግን ደራሲ መንግሥቱ ለማ አሳይተዋል። የቅኔ ሊቅ የነበሩት አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ የነገሯቸውን ትዝታ ሰብስበው በ1959 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳትመዋል።

የቤተሰብ ወረቀት አያያዝ የሚያስገኘውን ጥቅምና የሚያስከትለውን ጉዳት በግልጽ ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ የአሜሪካዊቷ ገጣሚ የኤሚሊ ዲክንሰን ነው። በሕይወት ሳለች የታተሙላት ግጥሞች 10 ያህል ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1886 ስታርፍ እህቷ ላቪኒያ በእጅ የተሰፉ 40 ያህል ጥራዞችንና በርካታ ነጠላ ወረቀቶችን አገኘች። ዛሬ የሚታወቁት ግጥሞቿ ወደ 1,800 የሚጠጉ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ በአሮጌ ፖስታ ላይ የተጻፉ ናቸው።

ይሁን እንጂ እህቲቱ ለገጣሚዋ የተላኩትን ደብዳቤዎች አስቀድማ አቃጥላ ነበር። ግጥሞቹ ለማንና በምን አጋጣሚ እንደተጻፉ ሊያስረዳ ይችል የነበረ ማስረጃ በዚያው ጠፋ። ለኅትመት ሲዘጋጁ ደግሞ የጥራዞቹ ስፌት ተፈትቶ ቅደም ተከተላቸው ተዛባ። ተመራማሪ የወረቀቱን ዓይነት፣ የመርፌውን ቀዳዳና የእድፉን ምልክት እየተከተለ የቀድሞ ቅርጻቸውን መልሶ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው።

በመዛግብት አያያዝ ዋነኛው ደንብም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ግጥሙ አብረውት ከተገኙት ወረቀቶች መለየት የለበትም። ደረሰኙ ዘመኑን፣ ደብዳቤው ባለቤቱን፣ የዕድር መዝገቡ ሙሾው የተገጠመለትን ሰው ሊያመለክት ይችላል። ስለዚህ ሣጥኑ ሲከፈት ከማንም እጅ በፊት ወረቀቶቹን እንደተደረደሩ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይገባል።

ለእህል እንደሚደረገው ሁሉ ለወረቀትም ዋነኞቹ ጠላቶች እርጥበት፣ ምስጥና አይጥ ናቸው። ሣጥኑን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ከግድግዳ አርቆ፣ ጭስና የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ደረቅ ስፍራ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። እርጥብ ወረቀት በፌስታል ከታሰረ ይሻግታል። የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍም ጉዳት አለው፤ ሙጫው ውሎ አድሮ ወረቀቱን ያበላሻል። ምልክት ማድረግ ካስፈለገ በእርሳስ ይሁን። የነቀዝ መድኃኒት በሣጥን ውስጥ መጨመር ደግሞ ለሰው ሕይወት አደገኛ በመሆኑ ፈጽሞ ሊሞከር አይገባም።

ወረቀቱን በእጅ መያዝና በግጥሙ ላይ የደራሲነት መብት ማግኘት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠበቃል፤ ለወራሾችም ይተላለፋል። ስለዚህ ሰነድ ለመዛግብት ቤት ሲሰጥ ዋናው ወይስ ቅጂው እንደተሰጠ፣ ማን ሊያነበው፣ ማንስ ሊያሳትመው እንደሚችል በጽሑፍ መስማማት ይበጃል።

ለዚህ ጉዳይ በአቅራቢያ የሚገኘውን የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ አዲስ አበባ የሚገኘውን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ማማከር ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ጽሑፉን የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ግጥሙ ለማን፣ መቼና ለምን እንደተገጠመ ጠይቆ መመዝገብ የቤተሰቡ ድርሻ ነው።