የቆቦ አቧራ ስንቱ የመኪና ነው?

ከወልዲያ በጎብዬና በሮቢት አድርጎ ወደ አላማጣና መቀሌ የሚዘልቀው አስፋልት ቆቦን መሃል ለመሃል ያቋርጣታል። ተሳቢው፣ ሲኖትራኩና አይሱዙው ከተማዋ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ እንደገና ማርሽ አስገብተው ይነሳሉ፤ ያረጀ የናፍጣ ሞተር ጥቁር ጭስ የሚለቀው በተለይ ቆሞ ሲነሳ ነው። በበጋ ደግሞ የራያ ሜዳ ራሱ ይቦናል። «አቧራው የተፈጥሮ ነው፤ ምኑ ይለካል?» የሚል ሰው ታዲያ ግማሽ እውነት ይዟል። ለእኔ ግን መለካት የሚያስፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሜዳውን ከመንገዱ ሳይለዩ መፍትሔ መምረጥ አይቻልምና።

የሚለካው በሁለት መጠን ነው። ፒኤም 10 ከ10 ማይክሮ ሜትር የማይበልጠውን ብናኝ ሁሉ፣ ፒኤም 2.5 ደግሞ ከመካከሉ ደቃቁን ይይዛል። የአፈር ብናኝ በአብዛኛው ሻካራ ስለሆነ ብዙው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ የናፍጣ ጥላሸት ግን እጅግ ደቃቅ በመሆኑ እስከ ሳንባ ጥግ ድረስ ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ባሻሻለው መመሪያ የፒኤም 2.5 ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮ ግራም፣ የፒኤም 10 ደግሞ ከ15 እንዳይበልጥ ይመክራል። አንድ መለኪያ መንገድ ዳር ተክሎ ቁጥሩን ከዚህ ጋር ማስተያየት ግን ጥፋተኛውን አይለይም። ሁለተኛው መለኪያ በተመሳሳይ ሰዓት ሌላ ቦታ መሥራት አለበት፤ እሱም ማሳ ውስጥ ሳይሆን ከአስፋልቱ ራቅ ባለ ሰፈር ይሁን። ማሳ ላይ ከተተከለ የየቤቱ የማገዶ ጭስ በመኪናው ላይ ይቆጠራል። ሰፈር ውስጥ ከሆነ የማድቤቱ ጭስ፣ የጤፍ ውቂያው ብናኝና የሜዳው ነፋስ ሁለቱንም መለኪያዎች በተቀራራቢ መጠን ስለሚደርሱ፣ በልዩነቱ የሚተርፈው በአመዛኙ የመንገዱ ድርሻ ነው።

ርካሽ የሌዘር ሴንሰር ለዚህ ይበቃል? ብቻውን አይበቃም። ብናኝ የሚበትነውን ብርሃን እያነበበ ስለሚገምት ሻካራውን አቧራ አሳንሶ ያያል፤ በክረምት እርጥበት ያበጠውን ብናኝ ደግሞ አጋንኖ ይቆጥራል። ስለዚህ ሁለቱ ሴንሰሮች አስቀድመው ጎን ለጎን ተቀምጠው መመሳከር አለባቸው፤ አልፎ አልፎም አየር በማጣሪያ እየተሳበ፣ ማጣሪያው በፊትና በኋላ ተመዝኖ ንባባቸው ይታረም። የማጣሪያው ጥቁረት የጥላሸቱን መጠን ይጠቁማል። የአዲስ አበባን ቁጥር መዋስም አያዋጣም፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ አየር ለቆላማው ቆቦ አይሆንም። በዚያ ላይ የአሜሪካ ኤምባሲ በአዲስ አበባ ለዓመታት ይፋ ያደርገው የነበረው መረጃ በ2017 ዓ.ም. ሲቋረጥ፣ በሌላ አገር መሣሪያ መተማመን ምን ያህል እንደማያዛልቅ ታይቷል።

ጦርነት የጎዳት ከተማ ከዚህ የሚቀድም ጉዳይ አላት የሚለው ቅሬታ ከባድ ነው፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ገንዘብ ሲያጥር ነው የተሳሳተ ሥራ ይበልጥ የሚጎዳው። ልዩነቱ ሻካራ ብናኝ ከሆነ የአስፋልቱን ዳርና ዳር ድንጋይ ማንጠፍ ይሻላል፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉም ይህን አይፈታውም፣ የኤሌክትሪክ መኪና ጎማም አቧራ ያስነሳልና። ደቃቅና ጥቁር ከሆነ ግን ድንጋዩ ከንቱ ወጪ ነው፤ የከባድ መኪኖቹን መቆሚያ ከሻይ ቤቶቹና ከመኖሪያው ማራቅ፣ የጭስ ምርመራውንም ማጥበቅ ያስፈልጋል።