ዕጣና ደንብ በሙከራ ፊልም ቅንብር፦ የአቀናባሪው ውሳኔ ወዴት ይሄዳል?

በተለመደው የፊልም ቅንብር አንድ ምስል የሚቆረጠው የታሪኩ ፍሰት፣ የተዋናዩ እንቅስቃሴ ወይም የአቀናባሪው ስሜት ሲጠይቅ ነው። አንዳንድ የሙከራ ፊልም ሠሪዎች ግን ይህን ሥልጣን ሆን ብለው ለዕጣ ወይም ከምስሉ ይዘት ጋር ግንኙነት ለሌለው ደንብ አሳልፈው ይሰጣሉ። ሁለቱ ስልቶች ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ቢታዩም አሠራራቸው ይለያያል። ዕጣ እስኪወጣ ድረስ ውጤቱ አይታወቅም፤ የደንብ ውጤት ግን አስቀድሞ ሊተነበይ ይችላል።

ለዕጣው ስልት ጉልህ ምሳሌ የሚሆነው አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆን ኬጅ ነው። ኬጅ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ ኢ ቺንግ በተባለው ጥንታዊ የቻይና መጽሐፍ 64 ምልክቶች ዕጣ እያወጣ ድርሰቶቹን አዋቅሯል። በ1992 ከሄኒንግ ሎህነር ጋር በሠራው «ዋን ኢለቨን» ፊልም ውስጥ ሰውም ታሪክም የለም። ለ90 ደቂቃ የሚታየው በባዶ ስቱዲዮ የሚንቀሳቀስ ብርሃን ሲሆን፣ መብራቱም ቅንብሩም በዕጣ የተወሰነ ነው። ሆኖም ምን ለዕጣ እንደሚቀርብና አማራጮቹ የትኞቹ እንደሆኑ የወሰነው ሰው ነው።

በደንብ ስልት የሚጠቀሰው የሆሊስ ፍራምፕተን «ዞርንስ ሌማ» (1970) ነው። በፊልሙ ዋና ክፍል ከኒው ዮርክ ጎዳናዎች የተቀረጹ ቃላት በላቲን ፊደል ተራ፣ እያንዳንዳቸው ለ1 ሰከንድ ይታያሉ። አንዳንድ ፊደላት ተጣምረው ስለሚቆጠሩ አንዱ ዙር 24 ሰከንድ ይፈጃል። ዙሩ በተደጋገመ ቁጥር ፊደላቱ አንድ በአንድ ቃል በሌላቸው ምስሎች ይተካሉ፤ ተመልካቹም ምስሉን በፊደሉ ቦታ ማንበብ ይለማመዳል።

ይህ ልምምድ የተቻለው ዙሩ አጭር በመሆኑ ነው። ያው ደንብ ለአማርኛ ፊደል ቢውል 33ቱ ፊደላት ከ7 ቅርጾቻቸው ጋር 231 ሰከንድ፣ ማለትም 4 ደቂቃ ገደማ ይወስዳሉ። ተመልካቹም የቀድሞውን ዙር በአእምሮው ይዞ መቆየት ይከብደዋል። ስለዚህ የዘፈቀደ የሚባል ደንብ እንኳ ገለልተኛ አይደለም፤ የተመልካቹን ትውስታና ትዕግሥት አስቀድሞ ይወስናል።

ዛሬ ኮምፒዩተር በቅጽበት ዕጣ ማውጣት መቻሉ ሥራውን አቅልሎታል፤ ፈተናውንም አክብዶታል። የወጣው ዕጣ ባላስደሰተ ቁጥር ደግሞ የሚጥል አቀናባሪ በመጨረሻ የሚያገኘው የራሱን ምርጫ ነው። መምረጡ በራሱ ነውር የለበትም፤ ችግሩ ምርጫውን የዕጣ ውጤት ብሎ ማቅረቡ ነው። በተለይ ሥራው ለጥናት የሚቀርብ ከሆነ ለዕጣ የሚቀርቡት ምስሎች፣ የርዝመት አማራጮቹና ዕጣው የሚጣልበት ብዛት ከመነሻው ተመዝግበው ሊቀመጡ ይገባል፤ ከደንቡ የተደረገ መዛነፍም እንዲሁ።

ከዚህ አንጻር ዕጣም ሆነ ደንብ የአቀናባሪውን ውሳኔ አያጠፋም፤ ከመቁረጫው ጠረጴዛ አንሥቶ ደንቡ ወደሚረቀቅበት ወረቀት ያዛውረዋል። የሥራው ኃላፊነትም አብሮት ይዛወራል።