ጽሑፉ አንድ፣ መልኩ ብዙ

እ.ኤ.አ. በ2003 ካናዳዊው ዲዛይነር ዴቭ ሺ «ሲኤስኤስ ዜን ጋርደን» የተሰኘ ድረ ገጽ ከፈተ። ደንቡ አጭር ነው፦ ጽሑፉን የያዘው የኤችቲኤምኤል ፋይል አይነካም፤ መልኩን የሚወስነውን የሲኤስኤስ ፋይል ግን የፈለገ ሁሉ ከባዶ ጽፎ ይልካል። ከየአገሩ ብዙ ሥራ ጎረፈለት። ቀለሙ፣ የፊደሉ ቅርጽ፣ የአምዱ አቀማመጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ፈጽሞ ይለያያል፤ ከጽሑፉ ግን አንዲት ቃል አልተነቃነቀችም። ድረ ገጽ መሥራት ለሚጀምር ተማሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

በዚያ ዘመን ብዙው ሰው ገጹን የሚደረድረው በሰንጠረዥ ነበር፤ ቀለሙንም በየአንቀጹ መካከል ይሰነቅራል። የርዕሶቹን ቀለም መለወጥ ቢያምረው ገጾቹን አንድ በአንድ መክፈት ነበረበት። መፍትሔው ግን ቀድሞ ተገኝቷል። ሆኮን ቪዩም ሊ የሲኤስኤስን ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ከበርት ቦስ ጋር ያዳበረው የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1996 በዓለም አቀፉ የድር ማኅበር ጸደቀ። ያዘገየው ብራውዘሮቹ ደረጃውን በየራሳቸው መንገድ መተርጎማቸው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኤችቲኤምኤል «ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ዝርዝር ነው» ይላል። ሲኤስኤስ ደግሞ «ርዕስ ሁሉ አረንጓዴ ይሁን» ብሎ ያዝዛል። ሁለት ትእዛዞች ሲጋጩ ይበልጥ ለይቶ የጠቀሰው ይረታል፤ እኩል ከሆኑ ኋላ የተጻፈው ይጸናል። ለመጀመር ኖትፓድና ብራውዘር ይበቃሉ።

ጀማሪ የሚሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ርዕሱን በኤችቲኤምኤል የርዕስ ምልክት (ታግ) ከማስቀመጥ ይልቅ ተራውን ጽሑፍ አተልቆና አወፍሮ ያልፋል። ለሚያይ ሰው ልዩነት የለውም። ዓይነ ስውር አንባቢ ግን ኤንቪዲኤን በመሰለ ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራም ከርዕስ ወደ ርዕስ በአንድ ቁልፍ እየዘለለ ነው የሚፈልገውን የሚያገኘው፤ የውሸቱን ርዕስ ፕሮግራሙ አያውቀውም። ስለዚህ ተማሪ መጀመሪያ ሲኤስኤሱን አጥፍቶ ገጹን ያንብብ እላለሁ። ያለ ምንም ጌጥ ቅደም ተከተሉ ከገባው መሠረቱ ደህና ነው።

አማርኛ ለሚጽፍ ተማሪ ይህ ክፍፍል የበለጠ ይጠቅማል። በገጹ አናት ላይ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን ማመልከት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ዝርዝሩ በግዕዝ ቁጥር እንዲሄድ ከፈለገ በእጁ ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ አይጻፍ፤ ሲኤስኤስ «ኢትዮፒክ ኑመሪክ» የሚባል ስልት አለው። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ ስለሌለው ስሌቱ ለብቻው ተደንግጓል፤ ከመካከል አንድ ነጥብ ቢሰረዝ የተቀሩት ራሳቸው ይስተካከላሉ።

ከሁሉ የምወደው ግን የአጽንዖት ታግ ጉዳይ ነው። ብራውዘር ይህን ታግ ሲያገኝ በልማዱ ፊደሉን ያዘነብላል፤ ለላቲን ፊደል ያምራል። የእኛ ፊደል ግን በአብዛኞቹ ፎንቶች ዘመም ያለ ቅርጽ ስላልተሠራለት ብራውዘሩ በግድ ያጋድመዋል፣ ለንባብም ያስቸግራል። ጠንቃቃ ተማሪ ታጉን አያወጣውም፤ ቃሉ አጽንዖት እንዳለው መነገር አለበትና። በሲኤስኤስ ፋይሉ ላይ «ቋንቋው አማርኛ ሲሆን ማዘንበሉ ይቅር፣ ፊደሉ ይወፍር» የሚል አንድ ደንብ ይጨምራል። በገጾቹ ሁሉ ያለው አማርኛ በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላል፤ እንግሊዝኛ መሆኑ የተመለከተው ጽሑፍ ግን እንደተዘመመ ይቀራል።